«ይጠፋፋሉ» ወይስ ይገናኛሉ? የአሲድና የቤዝ ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፤ አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ምን ይሆናል? አንዱን የጻፈልኝ የሙያ ባልደረባዬ ነው፣ ሁለቱ ከተማሪዎች የመጡ ናቸው፣ አራተኛው ከቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነው። የመጀመሪያውን ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ስቆም ዕረፍት ሲነሳኝ የኖረ ጥያቄ ነውና።

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህርት፣ የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «አሲድ ሲደመር ቤዝ፣ ጨውና ውሃ ይሰጣል» የሚለውን በቃላቸው ይወጡታል፤ እኩልዮሹንም አስተካክለው ይጽፋሉ። ባለፈው ፈተና ግን «ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በልካቸው ከተቀላቀሉ በኋላ ፍላስኩ ውስጥ ምን ምን ይገኛል?» ብዬ ብጠይቅ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ተጠፋፍተዋል፤ የቀረው ውሃ ብቻ ነው» ብለው መለሱ። ሙከራ ሳሳያቸው ደግሞ ሮዝ ቀለም ሲመጣ «ገለልተኛ ሆነ!» ብለው ያጨበጭባሉ፤ ከዚያ ያለፈ አይጠይቁም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ውድ ባልደረባዬ፣ ከዚያው ልጆቹ ከጻፉት ቃል ይጀምሩ። «ይጠፋፋሉ» ጥሩ አማርኛ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ጆሮ ሲሰማው ሁለት ጠላቶች ተያይዘው ሜዳው ባዶ ሲቀር ይታየዋል። እኛም መምህራን «አሲዱን ያረክሰዋል»፣ «ኃይሉን ያጠፋዋል» እያልን ሥዕሉን እናጠናክርላቸዋለን። ልጁ ፈተና ላይ «ውሃ ብቻ» ብሎ ሲጽፍ እኛው ያስተማርነውን ነው የመለሰልን።

እኔ ቀለም የሚለውጠውን ጠቋሚ ወደ መጨረሻ አቆየዋለሁ። መጀመሪያ የማደርገው ልጆቹን ራሳቸውን ቅንጣት ማድረግ ነው። አርባ ተማሪ ካለ አሥሩ «ሃይድሮጅን»፣ አሥሩ «ክሎራይድ»፣ አሥሩ «ሶዲየም»፣ አሥሩ «ሃይድሮክሳይድ» የሚል ወረቀት ደረታቸው ላይ ይለጥፋሉ። ሃይድሮጅኖቹና ክሎራይዶቹ በአንድ ጥግ ይቆማሉ፤ አሲዱ እነሱ ናቸው። ሶዲየሞቹና ሃይድሮክሳይዶቹ በሌላው ጥግ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምነግራቸው አንድ ሕግ አለ፦ ማንም የማንንም እጅ አይዝም። በውሃ ውስጥ ሁሉም አስቀድመው ተለያይተው በየፊናቸው የሚንቀሳቀሱ አዮኖች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ናቸው። ከዚያ «ተቀላቀሉ» እላለሁ። ሃይድሮጅንና ሃይድሮክሳይድ ሲገናኙ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቀመጣሉ፤ ውሃ ሆነዋል። የቀሩት መዞራቸውን ይቀጥላሉ።

አንድ ዓመት ይህንን ስናደርግ ክሎራይድ የነበረ ልጅ መሀል ወለሉ ላይ ቆሞ ግራ ቀኙን አየና «መምህር፣ እኔስ? ማንም እኮ አልያዘኝም» አለኝ። «ስትመጣስ ማን ይዞህ ነበር?» አልኩት። «ማንም» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዲት ልጅ ቀስ ብላ «እንግዲያው እሱ ሪአክሽኑ ውስጥ የለበትም ማለት ነው» አለች። በእኩልዮሽ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ለማስረዳት ስታገለው የነበረውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ከዚያ በኋላ «ስንት ሰው ቆሟል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። ሃያ። አሥር ሶዲየምና አሥር ክሎራይድ። የጨው ውሃ ይኸው ነው፤ ፍላስኩ ውስጥ የቀረው ይኸው ነው።

ጨዋታውን እዚያ ላይ አያቁሙት። ሁለተኛውን ዙር አሥር ሃይድሮጅን ከስድስት ሃይድሮክሳይድ ጋር ያድርጉት። አራት ሃይድሮጅን ቆመው ይቀራሉ። «አሁን ገለልተኛ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ልጆቹ የቆሙትን ቆጥረው «አሲድ ነው» ይላሉ። የመጠን ስሌት የሚባለው ነገር ሁሉ ከዚህ ቆጠራ ይወጣል፤ ሞልን፣ ማለትም ቅንጣቶችን በብዛት የምንቆጥርበትን መለኪያ፣ ያለ ፍርሃት የሚቀበሉትም ከዚህ በኋላ ነው። (ነጠላው ሃይድሮጅን አዮን በውሃ ውስጥ ብቻውን እንደማይኖር፣ ከውሃ ሞለኪውል ጋር ተጣብቆ ሃይድሮኒየም እንደሚሆን ጎበዞቹ ይጠይቁዎታል። ይንገሯቸው፤ ቆጠራው አይለወጥም።)

ቀጥሎ ቴርሞሜትር። ክምችቱ አንድ ሞላር (በአንድ ሊትር አንድ ሞል) የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 50 ሚሊ ሊትር በፎም ኩባያ ያድርጉ፤ ሙቀቱን ይለኩ። በዚያው ሙቀት ላይ ያለ አንድ ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 50 ሚሊ ሊትር ይጨምሩበት። ቴርሞሜትሩ ወደ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ይወጣል። የዓይን መከላከያ መነጽር ሳያደርግ ማንም አይቅረብ፤ በዚህ ክምችት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ለዓይን አደገኛ ነው። አሁን «ሁለቱንም 100 ሚሊ ሊትር ብናደርጋቸውስ?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በወረቀት ያጽፏቸው። አብዛኞቹ «14 ዲግሪ» ይጽፋሉ። ሲለኩት ያው ወደ 7 ነው። የወጣው ሙቀት እጥፍ ሆኗል፤ የሚሞቀውም ፈሳሽ እጥፍ ሆኗል። ይህቺ ጥያቄ ሙቀትንና የሙቀት መጠንን የሚያምታታ ተማሪ ሁሉ የሚያዝባት ስለሆነች ጊዜ ይስጧት።

ከዚያ አሲዱን በናይትሪክ አሲድ፣ ቤዙን በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይተኩት። ክምችቱና መጠኑ ያው ይሁን። ቴርሞሜትሩ ያንኑ ያህል ይወጣል! ጠንካራ አሲድና ጠንካራ ቤዝ ማንም ይሁኑ ማን አንድ ሞል ውሃ ሲፈጠር 57 ኪሎጁል ያህል ይወጣል። ለምን? ወለሉ ላይ የሚዞሩት ቢቀየሩም እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚቀመጡት ሁልጊዜ እነዚያው ሁለቱ ስለሆኑ ነው። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1884 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ ጨዎች፣ አሲዶችና ቤዞች በውሃ ውስጥ ተለያይተው አዮን ይሆናሉ ሲል መርማሪዎቹ ዝቅተኛ ማዕረግ ነበር የሰጡት። በ1903 በዚያው ሐሳብ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ለእሱ ሐሳብ ድጋፍ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ይኸው የማይለወጥ ሙቀት ነበር። ልጆቹ በፎም ኩባያና በቴርሞሜትር ያንኑ ማስረጃ በእጃቸው ሲይዙት ማየት ለእኔ እስካሁን ደስታው አይበርድልኝም።

«ውሃ ብቻ ነው የቀረው» ለሚለው የመጨረሻውን መልስ የሚሰጠው አምፖል ነው። ሁለት የካርቦን ዘንጎችን ከትንሽ አምፖልና ከባትሪ ጋር አያይዘው አሲዱ ውስጥ ይንከሩ፤ ይበራል። ቤዙን እየጨመሩ ሲሄዱ ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ፈጣኑ ሃይድሮጅን አዮን በቀርፋፋው ሶዲየም እየተተካ ነውና። ግን ልኩ ላይ ሲደርስም አይጠፋም። የጨው ውሃ ስለሆነ መብራቱን ይቀጥላል። «ተጠፋፍተዋል» ያለው ተማሪ አምፖሉን እያየ ራሱን ያርማል። የሚቻልዎት ከሆነ፣ እርስዎ ብቻ እየሠሩት፣ ሰልፈሪክ አሲድን በባሪየም ሃይድሮክሳይድ ይድገሙት። እዚያ ባሪየሙና ሰልፌቱ ነጭ ዝቃጭ ሆነው ስለሚወርዱ፣ ሃይድሮጅኑና ሃይድሮክሳይዱም ውሃ ስለሚሆኑ አምፖሉ በልኩ ነጥብ ላይ ሊጠፋ ይደርሳል፤ ትንሽ ሲያልፉ እንደገና ይበራል። የባሪየም ውህዶች መርዛማ ስለሆኑ ተማሪ አያስነኩ። ሁለቱን አምፖሎች ያነጻጸረ ልጅ የትኛው ሪአክሽን ምን እንደሚያስቀር ከእንግዲህ በቃሉ ማጥናት አያስፈልገውም።

አሁን ነው ጠቋሚው የሚመጣው። እዚህ ላይ ባልደረባዬ፣ «ሮዝ ማለት ገለልተኛ» የሚለው ስሕተት የሚወለደው ፌኖልፍታሊን ከሚባለው ጠቋሚ ነው። ፌኖልፍታሊን ፒ.ኤች. (የአሲድነት ልኬት፤ 7 ገለልተኛ፣ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ) 8.2 አካባቢ እስኪደርስ ቀለም የለውም። በአሲድም ነጭ ውሃ ነው፣ በገለልተኛም ነጭ ውሃ ነው። ሮዙ የሚነግረን ልኩን በአንዲት ጠብታ ወይም በከፊሏ ማለፋችንን ነው። ለመጀመሪያ ትምህርት ብሮሞታይሞል ብሉን እመርጣለሁ፦ በአሲድ ቢጫ፣ በቤዝ ሰማያዊ፣ መሃሉ ላይ አረንጓዴ። ልጆቹ አረንጓዴውን ለማግኘት ሲሉ በራሳቸው ጊዜ ጠብታ መቁጠር ይጀምራሉ።

ጠብታውን በቅርብ ያሳዩአቸው። ፍላስኩ ውስጥ 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 25 ሚሊ ሊትር አለ፤ ፒ.ኤች. 1 ነው። ከቡሬቱ፣ ማለትም ልኬት ካለበት ባለ መክፈቻ የመስታወት ቱቦ፣ 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እየወረደ ነው። 24 ሚሊ ሊትር ወርዶ፣ ከአሲዱ ውስጥ 96 ከመቶው ውሃ ሆኖ እንኳ ፒ.ኤች. የሚደርሰው ወደ 2.7 ብቻ ነው። ተማሪው ይሰለቻል፤ «ምንም አልተለወጠም» ይላል። ልኩ ላይ ለመድረስ አንዲት ጠብታ፣ ማለትም 0.05 ሚሊ ሊትር ስትቀር ፒ.ኤች. 4 ነው። ያቺ ጠብታ ወርዳ 7። ቀጣይዋ ጠብታ ስትወድቅ 10። ሁለት ጠብታ፣ ስድስት ደረጃ። ዴንማርካዊው ሶረንሰን በ1909 ያወጣው የፒ.ኤች. ልኬት እያንዳንዱ ደረጃ አሥር እጥፍ መሆኑን ሠንጠረዥ ከማስጠናት ይልቅ እነዚህን ሁለት ጠብታዎች ማሳየት ይበቃል። ቡሬቱን ከፍተው የሚያወሩ ልጆችም ከዚህ በኋላ ዝም ብለው ፍላስኩን ያያሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ማቅጠንና ገለልተኛ ማድረግን ብዙዎች አንድ ያደርጓቸዋል። 0.1 ሞላር የሆነ አሲድ 10 ሚሊ ሊትር ወስደው በውሃ 100 ሚሊ ሊትር ያድርሱት። ፒ.ኤች. ከ1 ወደ 2 ይወጣል። «ስለዚህ አሁን የሚያስፈልገው ቤዝ ያንሳል?» ብለው ይጠይቁ። አያንስም፤ ያው 0.1 ሞላር ቤዝ 10 ሚሊ ሊትር ነው። ውሃው ልጆቹን በሰፊ ሜዳ በተናቸው እንጂ አንዱንም አላስቀመጠም።

ጨውን በዓይናቸው ማየት ከፈለጉ፣ አንዴ በጠቋሚ ልኩን ካገኙ በኋላ ያንኑ መጠን ያለ ጠቋሚ ይቀላቅሉና ጥቂት ጠብታ በመስታወት ላይ አድርገው እስከ ነገ ይተዉት። በማጉያ መነጽር ትናንሽ ካሬ ካሬ ክሪስታሎች ይታያሉ። መቅመስ ክልክል ነው፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተሠራ ምንም ነገር አይቀመስም።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቲትሬሽን (ቤዙን ከቡሬት በጠብታ እየጨመሩ ልኩን መፈለግ) ስሠራ ቀለል ያለ ሮዝ መጣልኝ። ውጤቱን ጽፌ ዞር ስል ሮዙ ጠፍቶ ነበር። ጓደኛዬ «አልጨረስሽም፣ ጨምሪ» አለችኝና ጨመርኩ። ተሳስቼ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ የጻፍሽው ቁጥር ነው ትክክሉ። አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ እያለ ሙሙቱ (ፍላስኩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ) ውስጥ ይገባና ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል፤ ያቺን የተረፈች ትንሽ ቤዝ ይጨርሳታል፣ ሮዙም ይሄዳል። ፍላስኩን እያሽከረከርሽ ሮዙ ለሠላሳ ሰከንድ ያህል ከቆየ በቃ። ወዲያው በሁለት በሦስት ሰከንድ ከጠፋ ግን ገና ነሽ፤ ጓደኛሽ ልክ የምትሆነው ያን ጊዜ ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበትን ጠርሙስ ክፍት አትተዪ፤ ያው ጋዝ ጠርሙሱ ውስጥም ገብቶ ቤዝሽን ያደክመዋል፣ ስሌትሽም ሁሉ ይዛባል።

ጥያቄ፦ መምህራችን አሴቲክ አሲድ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በልኩ ገለልተኛ ሲደረግ ፒ.ኤች. 7 አይሆንም አሉን። 7 ካልሆነ ገለልተኛ ለምን ተባለ? ደግሞ ደካማ አሲድ ከሆነ ቤዙም ትንሽ መብቃት አልነበረበትም?

መልስ፦ ሁለቱም ጥያቄዎችህ የሚያስመሰግኑህ ናቸው። ከሁለተኛው ልነሳ። 0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድ ፒ.ኤች. ወደ 2.9 ነው፤ ከሞለኪውሎቹ ውስጥ ሃይድሮጅኑን የለቀቀው 1.3 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነው። «ደካማ» የተባለው በዚህ ነው፤ የያዘው ሃይድሮጅን ግን ትንሽ አይደለም። ሃይድሮክሳይድ መጥቶ የተለቀቁትን ሲወስድ፣ ያልለቀቁት ተራ በተራ ይለቃሉ። ስለዚህ 25 ሚሊ ሊትሩን ለመጨረስ ልክ እንደ ሃይድሮክሎሪኩ 25 ሚሊ ሊትር ቤዝ ይፈልጋል። ጥንካሬ የመልቀቅ ጉዳይ ነው፣ መጠን የመቁጠር ጉዳይ ነው። እነዚህን ሁለቱን የለየ ተማሪ የምዕራፉን ግማሽ ጨርሷል።

ወደ መጀመሪያው ስንመለስ፣ «ኒውትራላይዜሽን» (ገለልተኛ ማድረግ) የሚለው ስም ለሪአክሽኑ እንጂ ለመድረሻው ቁጥር የተሰጠ አይደለም። አሲዱና ቤዙ በልክ ሲገናኙ የሚቀረው የሶዲየም አሲቴት ሙሙት ነው። ሶዲየሙ እንደ ክሎራይዱ ዝም ብሎ የሚዞር ነው፤ አሲቴቱ ግን ሃይድሮጅኑን የለቀቀው ሳይወድ በግድ ስለሆነ ከውሃ ላይ ጥቂት ሃይድሮጅን መልሶ ይወስዳል። ውሃው ሃይድሮክሳይድ ይቀርበታል፣ ፒ.ኤች. ወደ 8.7 ይወጣል። አሞኒያን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ብትሠራው ተቃራኒውን ታያለህ፤ ልኩ ወደ 5.3 ላይ ነው። ስለዚህ ጠቋሚ የሚመረጠው ልኩ የሚያርፍበትን ቦታ አይቶ ነው። ለአሴቲክ አሲድህ ፌኖልፍታሊን ተስማሚ ነው። ከ3.1 እስከ 4.4 ባለው የሚለወጠውን ሜታይል ኦሬንጅ ብትጠቀም ግን ገና ከግማሽ ሳትደርስ «ጨርሰሃል» ብሎ ያታልልሃል።

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ እሠራለሁ። አሲድ ቆዳ ላይ ቢፈስ ቤዝ፣ ቤዝ ቢፈስ ደግሞ አሲድ ማድረግ አለብን የሚሉ አሉ። ትክክል ነው?

መልስ፦ በፍጹም አይደለም። በአንድ ወቅት አንዲት ተማሪ እጇ ላይ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፈሰሰባትና የጠረጴዛ ባልደረባዋ አሲድ የያዘ ቢከር ይዛ ወደ እሷ ስትሮጥ መሃል ላይ ደርሼ ነው የያዝኳት። ልጅቷ ክፋት አልነበራትም፤ እኔ ያስተማርኳትን ነው ለመተግበር የሞከረችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ኒውትራላይዜሽንን ያለዚህ ማስጠንቀቂያ አስተምሬ አላውቅም። ከላይ የጻፍኩትን ቴርሞሜትር ያስታውሱ፤ ሪአክሽኑ ሙቀት ያወጣል፣ ክምችቱ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ብዙ ሙቀት ነው፤ በተቃጠለ ቆዳ ላይ ሌላ ቃጠሎ ይጨምራል። ልኩንም ማንም አያውቀውም፤ አንዲት ጠብታ ስታልፍ ምን እንደምትሆን አይተናል።

የሚያስፈልገው ውሃ ነው። የፈሰሰበትን ልብስ፣ ቀለበትና ሰዓት ወዲያው ማውለቅ፣ በሚወርድ ብዙ ውሃ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ማጠብ። ዓይን ከሆነ ሽፋሽፍቱን በጣት ከፍቶ ይዞ ያለማቋረጥ ማጠብና ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መውሰድ፤ ቤዝ ከሆነ ሕመሙ ቀለል ያለ ቢመስል እንኳ፣ ምክንያቱም ቤዝ ወደ ውስጥ ጠልቆ ይጎዳል። ጠረጴዛ ወይም ወለል ላይ ለፈሰሰ አሲድ ግን ሶዲየም ባይካርቦኔት ዱቄት መነስነስ ይቻላል፤ መፍላቱ ሲያቆም በጓንት ይጠረጋል። ዱቄቱን በትልቅ ዕቃ፣ በግልጽ ጽሑፍ «ለጠረጴዛና ለወለል ብቻ» ብለው ጽፈው ከቧንቧው ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። ቧንቧው አጠገብ ያለው መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን፤ በርጩማም ሆነ ቦርሳ አይቀመጥበት።